ሸክላ፣ ሲዲ ወይስ ስትሪሚንግ? ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። እህቱ ከዋሽንግተን የሸክላ ማጫወቻ ልካለት፣ ትራንስፎርመር ገዝቶ ሰካው። ዘፈኑ ግን እየተጎተተ፣ የዘፋኙም ድምፅ ወፍሮ ወጣ። «ሸክላው ተበላሽቶ ይሆን?» አለኝ። ሸክላው ምንም አልሆነም።

ይህን ስንት ጊዜ እንደነገርኩ እኔ ነኝ የማውቀው፣ አሁንም እነግራችኋለሁ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይነካውም። ብዙዎቹ የድሮ ማጫወቻዎች ደግሞ ፍጥነታቸውን የሚያገኙት ከኸርዙ ስለሆነ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር ያለበት ሸክላ እዚህ 37 ተኩል ጊዜ ብቻ ይዞራል። ያለ ትራንስፎርመር የሰካ ሰው ቤትም ሄጃለሁ፤ ሞተሩ ተቃጥሎ ሽታው ገና ከሳሎኑ አልወጣም ነበር። እባካችሁ፣ ዕቃው ከመላኩ በፊት ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አስነሱ። 60 ኸርዝ ብቻ ካለ ሌላ ፈልጉ። አንዳንዱ ሞተሩ ላይ ያለችው ፑሊ፣ ማለትም ትንሿ መዘውር፣ ስትቀየር ይስተካከላል፣ ፑሊዋን ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። «DC» በሚያወጣ አዳፕተር የሚሠራ ከሆነ አትጨነቁ፣ የሚቀየረው አዳፕተሩ ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ ሻንጣ የሚመስለውን ርካሽ ማጫወቻ ገዝቶ የአባትን ሸክላ እሱ ላይ ማጫወት። ደህና ማጫወቻ መርፌውን የሚያሳርፈው በ2 ግራም ገደማ ነው። እነዚህ ከዚያ በላይ ይጫናሉ፣ ክብደቱንም ማስተካከያ የላቸውም። አምሃ ሪከርድስና ካይፋ የተባሉት የሙዚቃ አሳታሚዎች በ1960ዎቹ ያወጧቸው ባለ 45 ሸክላዎች ቤታችሁ ካሉ፣ ደህና ማጫወቻ እስክታገኙ ዝም ብላችሁ አስቀምጧቸው። አቁማችሁ ግን፣ ፀሐይ በማይደርስበት።

ሸክላ በአልኮል አትጥረጉ። እኛ ሁሉንም «ሸክላ» ስለምንል ነው ችግሩ የሚመጣው። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የጥንቱ፣ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሄደው በተቀረጹበት ዘመን የነበረው ዓይነት፣ አልኮል ያሟሟዋል። የኋለኞቹ ፕላስቲክ ናቸው። የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ በንጹህ ደረቅ ብሩሽ ብቻ አቧራውን አንሱ።

«ድምፁ አይሰማም» ለምትሉ፦ ከመርፌው የሚወጣው ድምፅ በጣም ደካማ ነው። አምፕሊፋየሩ ላይ «ፎኖ» የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ሰኩት፤ ከሌለው ለብቻዋ የምትሸጥ ትንሽ ማጉያ አለች።

ሸክላ ስለሆነ ብቻ ድምፁ ይበልጣል ብሎ መግዛትም ስህተት ነው። ሸክላን እወደዋለሁ፤ ተነስቼ መገልበጡን፣ ልባሱን እያየሁ መስማቱን። በትንሽ ገንዘብ ጥርት ያለ ድምፅ የሚፈልግ ሰው ግን ያገለገለ ሲዲ ማጫወቻ ይግዛ፣ የተረፈውን ብር ስፒከር ላይ ያውለው።

ስትሪሚንግ ላይ ብዙ ሰው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። አፑ ዳታ ለመቆጠብ ጥራቱን ዝቅ አድርጎት፣ እናንተ ስፒከሩን ትወቅሳላችሁ። ከፍተኛው ጥራት 320 ኪሎቢት ከሆነ በሰዓት 144 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። ዋይፋይ ስታገኙ ዳውንሎድ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

የመጨረሻውን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ሁሉ ነገር ስልኬ ላይ አለ ብዬ አንድ ካርቶን ሙሉ ሲዲ ለሰፈር ልጆች ሰጠሁ። ከዓመታት በኋላ አንዱን አልበም ፈለግኩት። ስትሪሚንግ ላይ የለም። ዩቲዩብ ላይ ያገኘሁት ከካሴት የተቀዳ፣ መሀሉ ላይ የለጣፊው ማስታወቂያ የገባበት ነው። ሁለት ዘፈን ደግሞ ጭራሽ የለም። የእኛ ሙዚቃ ብዙው እንዲህ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ያለው ከፊሉ ብቻ ነው፣ ዛሬ ያለውም ነገ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ሲዲ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ በአንድ ስትሪሚንግ ላይ መኖሩን እዩ። ቤት ውስጥ የተቀዱትን ሲዲዎች ደግሞ ዛሬ ነገ ሳትሉ ኮምፒውተር ላይ ገልብጧቸው፤ ቀለማቸው ብርሃን ሲመታው ይበላሻል፣ የሠርግና የልደት ቅጂዎች ከሆኑ ሌላ ቦታ አታገኟቸውም።