የፋሲል ግንብን በጥላሸት ቀለምና በመቃ ብርዕ መሣል

የብራና ጸሐፍት ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ነው። ካርቦን ስለሆነ ፀሐይ አያደበዝዘውም። በድሮ የአውሮፓ የመልክዓ ምድር ሥዕሎች ላይ የምናየው ቡናማ መስመር ግን ብዙ ጊዜ ከብረት የተሠራ ጥቁር ቀለም ነበር፤ ሲቆይ ቡናማ ይሆናል፣ ወረቀቱንም ይበላል።

ለአንድ ብልቃጥ 10 ግራም ጥላሸት፣ 6 ግራም የግራር ሙጫና 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃል። በሚዛን ይለካ፤ ጥላሸት ብናኝ ስለሆነ ማንኪያ ያታልላል። የኩራዝ ጥላሸት ከድስት ጥላሸት ይልቃል፣ ይልማልና። ሙጫው ተወቅጦ ለብ ባለ ውሃ ያድርና በጨርቅ ይጠለላል። ጥላሸት ውሃ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይርስም፤ ስለዚህ አስቀድሞ በጥቂት ጠብታ አረቄ ይታሻል፣ ከዚያ የሙጫው ውሃ በትንሽ በትንሹ እየገባ ቢያንስ 1 ሰዓት በድንጋይ ይፈጫል። በጥድፊያ የተፈጨ ቀለም ይዘቅጣል፣ ብርዑንም ይደፍናል። ጸሐፍቱ የተቆላ እህል ጨምረው ለወራት ያቆዩታል፤ ለሥዕል ያ ግድ አይደለም።

ብጣሽ ወረቀት ላይ መስመር አስምረው ሲደርቅ ይሞክሩት። ጣት ካጠቆረ ሙጫው አንሷል፤ ካብለጨለጨና ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ በዝቷል።

ብርዑ ከደረቀ መቃ ይቀረጻል፦ ጫፉ በሰያፍ ይቆረጣል፣ ለስላሳው ውስጡ ይፋቃል፣ መሃሉ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰነጠቃል። እርጥብ መቃ ስንጥቁ አፉን ይከፍትና ቀለም ያንጠባጥባል።

ብራና ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፤ ለመስመር ብቻ ይሁን። በውሃ የቀጠነ ቀለም የሚቀባበት ሥዕል በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም ወረቀት ይፈልጋል። ሦስት ስኒ ይዘጋጅ፦ አንዱ ያልተበረዘ፣ ሁለተኛው በ5 እጥፍ፣ ሦስተኛው በ15 እጥፍ ውሃ የቀጠነ። የሩቁ ተራራ በሦስተኛው ይጀመራል፤ ሳይደርቅ ሌላ አይደረብበት። ግንቡን የቀትር ፀሐይ ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ግን የማዕዘኖቹ አራት ክብ ማማዎች ጥላቸውን ይጥላሉ። ብርሃን የወደቀበት ባዶ ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ ነጭ ቀለም የለንምና። ድንጋዩን አንድ በአንድ መሣል ግድግዳውን የዓሣ ቅርፊት ያስመስለዋል። ጥላ ባለበት በኩል እዚህም እዚያም ጥቂት ግንጥል ድንጋይ ይበቃል። ያልተበረዘው ቀለም ለመስኮቶቹ፣ ለበሮቹና ከፊት ላለው ዛፍ ብቻ ነው፣ እሱም መጨረሻ ላይ።

የተሳሳተ መስመር ከብራና ላይ በምላጭ ይፋቃል፤ ከወረቀት ላይ ግን አይነሣም።