በጠባብ ወርክሾፕ ማሽን እንዴት ይቀመጣል? ፍቅፋቂውስ የት ይግባ?

የኔ ወርክሾፕ 4 በ6 ሜትር የሆነች የቆርቆሮ ቤት ናት። መሰንጠቂያ፣ መላጊያ፣ ባንድ ሶው (እንደ ቀበቶ የሚዞር መጋዝ) እና አንድ የመሥሪያ ጠረጴዛ ይዛለች። ማሽኖቹን ያስገባሁ ቀን ሁሉንም ከግድግዳ ጋር አስጠግቼ መሃሉን ባዶ ተውኩት። ቤቱ ሰፍቶ ሲታየኝ ደስ አለኝ። መላጊያውንማ ጭራሽ ወለሉን በስቼ በቡሎን አሰርኩት።

በማግስቱ 3 ሜትር የዋንዛ ጣውላ ስንልግ፣ አንድ ሜትር ያህል ሲቀረው ጫፉ ግድግዳውን ገጨ። ማሽኑን አጥፍተን ወደ ኋላ ጎተትነው። ቢላው የቆመበት ቦታ ላይ አግድም ጎድጎድ ያለ መስመር ቀረ፤ ያ ጣውላ ለጠረጴዛ ፊት ታስቦ ነበር፣ ለመሳቢያ ጀርባ ዋለ። ቡሎኑን ለማውጣት ሲሚንቶ ስፈለፍል ዋልኩ። ጉድጓዶቹ ዛሬም አሉ፤ ሰጋቱራ ይሞላባቸዋል።

እንግዲህ ከዚህ ተነሱ።

1. ክፍሉን ለኩ፤ በሩ፣ መስኮቱና የመብራት መስመሩ የት እንዳለ ወረቀት ላይ አስቀምጡ።

2. ጠመኔ አንሡና ወለሉ ላይ የእንጨቱን መንገድ አስምሩ። የማሽኖቹ ቦታ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማሽን ሲለካ ራሱን ብቻ ይለካዋል፤ 3 ሜትር ጣውላ ግን ከማሽኑ በፊት 3 ሜትር፣ ከማሽኑ በኋላም 3 ሜትር ይፈልጋል፤ የሚገፋው ሰውም መቆሚያ አለው። ይሄ የኔን ክፍል ርዝመት ያልፋል። ታዲያ ምን ይደረግ? በሩን ተጠቀሙ። እኔ መላጊያውን ከበሩ ትይዩ አዞርኩትና ረጅም ጣውላ ስንልግ ጫፉ ወደ ደጅ ይወጣል። ውጭ አላፊ አግዳሚ ስላለ አንድ ሰው ደጅ ይቆማል።

መሰንጠቂያው መሃል ይሁን፤ ግድግዳ ላይ የተጠጋ መሰንጠቂያ ግማሽ ማሽን ነው። የመሥሪያ ጠረጴዛውን ከበስተኋላው አድርጉና ከማሽኑ ገጽ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ተሰንጥቆ የሚወጣው እንጨት እሱ ላይ ያርፋል። ባንድ ሶው ጥግ ቢገባ ግድ የለም፣ ብዙ ጊዜ አጫጭር እንጨት ነው የሚሠራው። ሙሉ ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ከሙጫ የተጨመቀ ሰሌዳ)፣ ማለትም 122 በ244 ሳንቲ ሜትሩን፣ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ለማዞር አትድከሙ። ሻጩ ጋ አስቆርጡት ወይም ደጅ ላይ በእጅ መጋዝ ማሽን ለሁለት ክፈሉት።

ሌላም አለ። መሰንጠቂያ እንጨት ቆንጥጦ ወደ ኋላ የሚያስፈነጥርበት ጊዜ አለ፤ የሚፈነጥረውም በጥርሱ ትክክል ነው። በዚያ መስመር ላይ ሰው አይቁም፣ መቀመጫም አይኑር። እኛ ጋ ቡና የሚፈላው ልክ እዚያ ነበር። አንድ ቀን የጣት ያህል ቁራጭ ጀበናውን አልፎ ሄዶ ቆርቆሮውን አጎደጎደው። ከዚያ ወዲያ ቡናው ከባንድ ሶው ጎን ሆነ።

አሁን መብራት ሳይሰካ፣ ያላችሁን ረጅሙን ጣውላ ለሁለት ይዛችሁ በየማሽኑ ላይ አሳልፉት። የሚገጭበትን ምልክት አድርጉ፣ አዙሩ፣ ደግማችሁ ሞክሩ። አንድ ሳምንት ሳትሠሩበት ቡሎን አትምቱ።

3. ፍቅፋቂና ሰጋቱራ ለየቅል ናቸው። የመላጊያ ፍቅፋቂ ቀላል ነው፣ ግን አንድ ከሰዓት ላግ ላግ ካደረጋችሁ ክምሩ ጉልበት ይደርሳል። መውጫው ከታፈነ ተመልሶ ቢላው ሥር ይገባና የላገውን ገጽ ያጎደጉዳል። ስለዚህ መውጫው ሥር ላሜራ አዘንብላችሁ ግጠሙና በቀጥታ ማዳበሪያ ውስጥ ይውረድ። ርካሽ ነው፤ ይሠራል።

የብናኝና የፍቅፋቂ መምጠጫ ማሽን የምትገዙ ከሆነ የቤት ውስጡን ዓይነት ተዉት፤ ቀጭን ቱቦው መላጊያ ላይ ወዲያው ይታፈናል። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ፈልጉ። በመምጠጫውና በማሽኑ መሃል ክዳን ያለው በርሜል ብታስገቡ፣ ቱቦው በጎን በኩል ገብቶ አየሩ በርሜሉ ውስጥ ስለሚሽከረከር ከባዱ እዚያው ይወርዳል፣ ማጣሪያውም ቶሎ አይደፈንም። ቱቦ በረዘመና በታጠፈ ቁጥር ጉልበቱ ይደክማል። መላጊያዬንና መሰንጠቂያዬን ያቀራረብኩት ለዚህም ነው፤ አንድ አጭር ቱቦ እያቀያየርኩ ለሁለቱም እጠቀማለሁ።

የሚያሰጋው ግን የማይታየው ብናኝ ነው፣ በተለይ የብርጭቆ ወረቀትና የኤምዲኤፍ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ማታ ማታ በኮምፕሬሰር እየነፉ ማጽዳት የሚወዱ አሉ፤ እኔ አልወደውም። ወለሉ ይጸዳል፣ ብናኙ ግን ለሰዓታት አየር ላይ ይቆያል። ትንሽ ውኃ ረጨት አድርጎ መጥረግ ይሻላል። አፍ ላይ የሚታሰር ጨርቅም ብዙ አይጠቅምም፣ ኤን 95 የሚባለውን ማስክ አድርጉ።

4. የሞተሩን ማናፈሻ በየሳምንቱ በብሩሽ ጥረጉ፤ ሰጋቱራ የለበሰ ሞተር ይግላል። መሞረጃ ግራይንደር ከክምሩ ይራቅ፣ ብልጭታው ሰጋቱራ ውስጥ ገብቶ ሳይታይ ሲጤስ ሊያድር ይችላል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅም ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ግሎ ይቀጣጠላል፤ ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት።

5. ማዳበሪያዎቹን ለዩ። ንጹሕ የጣውላ ፍቅፋቂ ዶሮ አርቢዎች ለጉዝጓዝ ይወስዱታል። ደቃቁን ሰጋቱራ ጫጩት ስለሚለቅመው አይፈልጉትም፤ እሱን ጣሳ ውስጥ መሃሉ ላይ ጠርሙስ አቁማችሁ ብትጠቀጥቁት፣ ጠርሙሱን ስታወጡ የሰጋቱራ ምድጃ ይሆናል። የኤምዲኤፍና የቺፑድ ብናኝ ሙጫ ስላለበት ለሁለቱም አይሆንም፤ ለብቻው ታስሮ ከቆሻሻ ጋር ይሂድ። እኔ አንድ ጊዜ በስንፍና ቀላቅዬ ሰጥቻለሁ። ሰውዬው አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ግን ማዳበሪያውን ከማንሣቱ በፊት እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ ከሥር ያለውን ዝግኖ አውጥቶ ያየዋል።