በአሜሪካ የመጀመሪያውን ታክስ ለሚሠሩ ቤተሰቦች፦ ስለ ታክስ ክሬዲቶች

አሜሪካ ገብቶ ሥራ የጀመረ ሰው ጃንዋሪ ሲያልቅ የዓመት ደመወዙንና የተቆረጠበትን ግብር የሚያሳየውን ደብሊው-ቱ የተባለ ቅጽ ከአሠሪው ይቀበላል፤ በዚያ መሠረትም እስከ ኤፕሪል 15 ታክሱን ሠርቶ ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ለአይአርኤስ ያስገባል። በዚህ ወቅት አዲስ መጪ ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ይመለስልኛል?» ብሎ ነው። መልሱን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ግን የደመወዙ መጠን ብቻ ሳይሆን አብረውት የሚኖሩት እነማን እንደሆኑና በእጃቸው ምን ወረቀት እንዳለ ነው።

ታክስ ክሬዲት ከግብሩ ከራሱ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ ነው። በ2025 ታክስ የልጆች ክሬዲት፣ ዓመቱ ሲያልቅ 17 ዓመት ላልሞላው ለእያንዳንዱ ልጅ እስከ 2,200 ዶላር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ እስከ 1,700 ዶላር የሚደርሰው የሚቀነስለት ግብር ባይኖርም ሊከፈል ይችላል። ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት በጋራ 46,500 ዶላር ደመወዝ አገኙ እንበል። ከዚህ ላይ 31,500 ዶላሩ ግብር ስለማይነካው በቀሪው 15,000 ላይ 1,500 ዶላር ግብር ይታሰባል፤ የልጆቹ ክሬዲት 4,400 ስለሆነ ግብሩን ሰርዞ የተረፈው 2,900 ዶላር ለእነሱው ይከፈላል። በዓመቱ ውስጥ የተቆረጠባቸው የፌዴራል የገቢ ግብርም ይመለሳል፤ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለጡረታ) እና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የጤና መድን) የተቆረጠው ግን አይመለስም።

ከዚህ በተጨማሪ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኞች የሚሰጠው «ኧርንድ ኢንካም» የሚባለው ክሬዲት በ2025 ልጅ ለሌለው እስከ 649፣ አንድ ልጅ ላለው እስከ 4,328፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ላለው እስከ 8,046 ዶላር ይደርሳል። ኡበር ለሚነዳ ሰው የሚታሰበው ጠቅላላ ገቢው ሳይሆን ከወጪ በኋላ የተረፈው ነው። ለዚህኛው ክሬዲት ባልም ሚስትም የሚቆጠሩት ልጆችም ለሥራ የሚያገለግል ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል፤ ለልጆች ክሬዲት ግን ከልጁ ሌላ የአንደኛው ወላጅ ይበቃል።

የእኛን ሰው በብዛት የሚያሳስተው አገር ቤት የቀረው ቤተሰብ ጉዳይ ነው። ጎንደር ከአያቱ ጋር የሚያድግ ልጅ፣ በየወሩ ምንም ያህል ገንዘብ ቢላክለት፣ ለሁለቱም ክሬዲቶች አይቆጠርም፤ ለእናትና ለአባት የሚላከውም ግብር አይቀንስም። ሁለተኛው ችግር የመጀመሪያው ዓመት ነው። በዲቪ በኦገስት የገባ ሰው ለግብር እንደ ነዋሪ የሚቆጠረው ከገባበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ ለዚያ ዓመት ኧርንድ ኢንካም አይፈቀድለትም። ባለትዳሮች ዓመቱን ሙሉ እንደ ነዋሪ ለመቆጠር መምረጥ ይችላሉ፤ ከመረጡ ግን ከመምጣታቸው በፊት ኢትዮጵያ የተከፈላቸውን ደመወዝ ጭምር ማስታወቅ አለባቸው። ያም ሆኖ በዚህ ክሬዲት ልጆቹ እንዲቆጠሩ በዚያ ዓመት ከግማሽ በላይ አሜሪካ ውስጥ አብረዋቸው መኖር ነበረባቸው።

በ2025 ታክስ ሁለቱም ወላጆች ሠራተኞች ከሆኑ ለልጅ ጥበቃ ከከፈሉት፣ ለአንድ ልጅ እስከ 3,000፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ እስከ 6,000 ዶላር ከሚደርሰው ወጪ፣ እንደ ገቢያቸው ከ20 እስከ 35 በመቶው ይታሰብላቸዋል፤ ሆኖም የጠባቂዋን የግብር ቁጥር መጻፍ ስለሚያስፈልግ፣ ለጎረቤት በካሽ እየከፈሉ ቁጥሯን ያልተቀበሉ ሰዎች ይቸገራሉ። ኮሌጅ የገባ ልጅ ያለው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት እስከ 2,500 ዶላር የሚደርሰውን የትምህርት ክሬዲት ይጠይቅ።

ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው በጥንቃቄ ምረጡ። ከሚመለሰው ገንዘብ በመቶኛ የሚጠይቅ፣ የማታውቁትን ልጅ የሚጨምር ወይም ሠርቶ ፊርማውን የማያኖር ሰው ሲያጋጥማችሁ ትታችሁት ሂዱ፤ የሐሰት ጥያቄ ተጠያቂ የሚያደርገው እናንተን ነው፣ በማጭበርበር የተወሰደ ኧርንድ ኢንካምም ለ10 ዓመት ያስከለክላል። ቪታ በተባለው ፕሮግራም በአይአርኤስ የተመሰከረላቸው በጎ ፈቃደኞች በየቤተ መጻሕፍቱና በየማኅበረሰብ ማዕከሉ አነስተኛ ገቢ ላለው በነፃ ይሠራሉ። ኧርንድ ኢንካም የተጠየቀበት ተመላሽ ገንዘብ በሕግ ከፌብሩዋሪ አጋማሽ በፊት ስለማይለቀቅ የዚያን ወር የቤት ኪራይ በእሱ ላይ አትጣሉ።