ዊንዶውስ አልነሳ ሲል ፋይሎችን በሊኑክስ ፍላሽ ማውጣት

ኮምፒውተር አልነሳ አለ ማለት ፋይሉ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ዊንዶውሱ እንጂ ሰነዶቹና ፎቶግራፎቹ የተቀመጡበት ዲስክ አይደለም። ስለዚህ ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት በሌላ ኮምፒውተር ሊኑክስ ሚንት የተባለውን፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያሠራ ነፃ ሥርዓት አውርደው፣ ሩፈስ በተባለው ፕሮግራም ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ይጻፉት (በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶውን ይምረጡ)። ፍላሹን ሰክተው ኮምፒውተሩን ሲያበሩ ኤፍ 12ን፣ በአንዳንዶቹ ኤፍ 9ን ወይም ኢስኬፕን ደጋግመው ቢጫኑ ከየት ይነሣ እንደሆነ የሚጠይቅ ዝርዝር ይመጣል፤ ፍላሹን ይምረጡ።

ዴስክቶፑ ሲከፈት «ኢንስቶል» የሚለውን ምልክት ፈጽሞ አይንኩት። ፋይል ማኔጀሩን ከፍተው በግራ በኩል የሚታየውን የዊንዶውስ ዲስክ ሲጫኑ፣ «ዩዘርስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ በስምዎ የተቀመጠውን ያገኛሉ፤ የሚፈልጉትን ሁሉ ወደ ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ይቅዱ።

ይህ የሚሆነው ሊኑክስ ከፍላሹ ተነሥቶ በራም (በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ ስለሚሠራና ዊንዶውስ የሚጠቀምበትን ኤንቲኤፍኤስ የተባለውን የፋይል አደረጃጀት ማንበብ ስለሚችል ነው። ዊንዶውስ በአግባቡ ሳይዘጋ ቀርቶ ከሆነ ዲስኩ ለንባብ ብቻ ሊከፈት ይችላል፤ ለመቅዳት ግን ይህ በቂ ነው።

ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ከተቆለፈ ባለ 48 አሃዙ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ያስፈልጋል። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ የዲስኩ የራሱ ነውና፣ መቅዳቱን ሳይሞክሩ ወዲያውኑ አጥፍተው ለባለሙያ ይስጡት።