እማዬን ይዞ አልፕስ፦ ለእግር ጉዞ የሚሆን መንደር እንዴት ይመረጣል?

እዚህ ዙሪክ ያሉ ሀበሻ ጓደኞቼ ፋሲካ ሲያልፍ ጠብቀው በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። «ለሰመር ተራራ ልንሄድ ነው፣ የት ይሻላል?» እኔም መልሼ እጠይቃቸዋለሁ። «ከመካከላችሁ ጉልበቱን የሚያመው ማነው?» ይስቃሉ። እኔ ግን የምሬን ነው።

እማዬ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ የመጣች ጊዜ በፎቶ ተሸውጄ ነበር። ፎቶው ላይ ሐይቅ አለ፣ ከሐይቁ ጀርባ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከፊት ለፊት አበባ። ወዲያው አምስት ሌሊት ከፈልኩ። ጁን አጋማሽ ላይ ስንደርስ ኬብል ካሩ ለጥገና ተዘግቷል። የሚከፈተው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሐይቁ ጋ በእግር ለመድረስ 900 ሜትር ዳገት መውጣት፣ ከዚያም ያልቀለጠ በረዶ መርገጥ ይጠይቃል። ሆቴሉ «ከባቡር ጣቢያ 10 ደቂቃ» ብሎ ነበር፤ አልዋሸም፣ ለፍየል 10 ደቂቃ ነው። እማዬ ሻንጣዋ ላይ ሦስት ጊዜ ተቀምጣ አረፈች። የቀረውን ጊዜ በረንዳ ላይ ሆና ላም ስትቆጥር ከረመች። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ደውዬ አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲህ ምርጫዬ የሚጀምረው ከእማዬ ጉልበት ነው። 68 ዓመቷ ነው፣ ግራ ጉልበቷ ያማታል፣ መራመድ ግን ትወዳለች። ሁለቱ ልጆቼም አሉ። ትንሹ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲሄድ ያኮርፋል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዳገቱን ማን ይወጣልኛል?» የሚለው ነው። ኬብል ካር ወይም የተራራ ባቡር ያለበት መንደር በሽ ነው። ግን ይሄ ብቻውን አይበቃም። ላይ ስትደርሱ ምን ዓይነት መንገድ ይጠብቃችኋል? ብዙዎቹ ኬብል ካሮች ለስኪ የተሠሩ ናቸው። ጫፍ ላይ ጣል ያደርጓችሁና ከዚያ ያለው መንገድ ቁልቁል ብቻ ይሆናል። ቁልቁለት ለትንፋሽ ይቀላል፣ ጉልበትን ግን ድራሹን ያጠፋዋል። ስለዚህ የምፈልገው ማሽኑ የሚያወጣኝ፣ ከዚያ ደልደል ባለ መንገድ የምሄድበት፣ ሲደክመኝ ደግሞ ሌላ ማሽን የሚያወርደኝ ቦታ ነው።

ለዚህ ከቬንገን የተሻለ አላየሁም። ቬንገን ስዊዘርላንድ በርነር ኦበርላንድ ውስጥ፣ 1274 ሜትር ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። መኪና አይገባባትም። መኪናችሁን ታች ላውተርብሩነን አቁማችሁ በባቡር ትወጣላችሁ። ከመንደሩ መሀል ኬብል ካር ተነስቶ በደቂቃዎች ውስጥ ሜንሊሸን የሚባለው ተራራ ላይ ያደርሳል፣ ከ2200 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ እስከ ክላይነ ሻይዴግ ያለው መንገድ ወደ 4.5 ኪሎ ሜትር ነው። ሰፊ ነው፣ የሕፃን ጋሪ ይገፋበታል፣ ደግሞም በቀስታ እያዘቀዘቀ የሚሄድ ነው። ሙሉውን መንገድ አይገርና ዩንግፍራው የሚባሉት ተራሮች ፊት ለፊት ናቸው። መጨረሻው ላይ ባቡር ጣቢያ አለ። ምልክቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይላል። እኛ ሦስት ሰዓት ፈጀብን፤ እማዬ እያንዳንዱ አግዳሚ ወንበር ላይ ካልተቀመጠች አትሄድማ።

እዚያ አንዱ ወንበር ላይ ነው «ስንት ሜትር ላይ ነን?» ያለችኝ። 2200 አልኳት። «እና አዲስ አበባስ?» 2350 ገደማ። ቦርሳዋን አቅፋ ተራሮቹን ቃኘች። «ታዲያ ከቤቴ ወርጄ ነው ተራራ ወጣሽ የምትሉኝ?» ልጆቹ ሳቁባት። ላብ በላብ የሆኑት ግን እነሱ ናቸው፤ 400 ሜትር ላይ ያደጉ የዙሪክ ልጆች።

ቀልዱን ትተን፣ ከፍታውን ከመጣችሁበት ቦታ ጋር አስተያዩት። ከአዲስ አበባ ወይም ከደብረ ብርሃን በቅርቡ የመጣ እንግዳ 2000 ሜትር ላይ ምንም አይሰማውም። ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ለመጣ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ቀን መንደሩ አካባቢ ይዋል። ባቡሩ ዩንግፍራውዮኽ 3454 ሜትር ድረስ ይወጣል፣ እዚያ ግን ከአዲስ አበባ የመጣም ቢሆን ደረጃ ላይ ያለከልካል። የልብ ሕመም ያለበት ሐኪሙን ሳያማክር አይውጣ።

ቬንገን ውድ ከሆነባችሁ፣ ወይም መኪናችሁን ቤት ደጅ ማቆም ከፈለጋችሁ፣ ግሪንደልቫልድ አለ። 1034 ሜትር ላይ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ጁላይና ኦገስት ላይ ሰው በሰው ነው። ከፊርስት ኬብል ካር ወርዳችሁ ባህአልፕዜ የሚባለው ሐይቅ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ በዚያው መንገድ ትመለሳላችሁ። እኔን የሸወደኝን ዓይነት ፎቶ በሕጋዊ መንገድ የምታገኙት እዚያ ነው። ሙረን ደግሞ 1638 ሜትር ላይ ገደል አፋፍ ላይ የተሰቀለች፣ እሷም መኪና የማይገባባት መንደር ናት። ከግሩችአልፕ እስከ ሙረን ያለው መንገድ ከባቡር ሐዲዱ ጎን ለጎን ይሄዳል፣ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው፣ ሜዳ ማለት ይቻላል። ልጅ ቢያኮርፍ መሀል ላይ ቪንተርኤግ ጣቢያ አለ፤ ባቡር ትሳፈራላችሁ። የላውተርብሩነን ሸለቆ ራሱ ፏፏቴው ያፈዛል፣ ግን ጠባብ ነው። ግድግዳው ፀሐይን ቶሎ ይወስድባችኋል። ብርሃን የሚወድ ሰው ከሸለቆው ወለል ይልቅ እንደ ቬንገንና ሙረን ያለ እርከን ላይ የተሠራ መንደር ይያዝ።

ሌላዋ የስዊዘርላንድ መንደር ዘርማትስ? ማተርሆርን የሚባለውን ተራራ ካላየሁ የሚል ሰው አይከለከልም። 4478 ሜትር ነው፤ የኛው ራስ ደጀን ይበልጠዋል ብዬ ሳልናገር አላልፍም። መኪና ታሽ ላይ ቀርቶ በባቡር ይገባል። ጥሩው ነገር የጎርነርግራት ባቡር ነው፤ ከ1898 ጀምሮ የሚሠራ ነው። ሮተንቦደን ላይ ወርዳችሁ ትንሽ ቁልቁል ስትሄዱ ተራራው ሪፈልዜ ውስጥ ተገልብጦ ይታያል፣ ንፋስ ከሌለ። ግን ዋጋው ኪስ ያራቁታል። እኔ ለሁለት ቀን እንጂ ለሳምንት አልመክርም።

ሙኒክ ወይም ኢንስብሩክ አካባቢ ላላችሁ፣ ኦስትሪያ ያለው ዜፌልድ ለአረጋውያን ይመቻል። 1200 ሜትር ላይ ያለ ሜዳማ ቦታ ነው፤ ከቤት ወጥቶ ያለ ኬብል ካር ጫካ ለጫካ መሄድ ይቻላል። ጣሊያን ውስጥ አልፔ ዲ ሲውዚ አለ። 56 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ሣር ያለ ሜዳ ከፍታ ላይ ተዘርግቶ ታገኛላችሁ። ከኦርቲዜይ በኬብል ካር ይወጣል። ቀን ቀን መኪና ስለሚከለከል ፀጥ ያለ ነው። ከኦገስት 15 ግራና ቀኝ ግን አትሂዱ፣ ፌራጎስቶ ነው፣ ጣሊያን በሙሉ እረፍት ላይ ነው። የፈረንሳዩ ሻሞኒ ከጄኔቭ ቅርብ ነው፣ ሞንብላን እላያችሁ ላይ ነው፣ ነገር ግን ሸለቆው ገደላማ ነው። የጎረምሳ ቦታ ነው። እማዬን አልወስዳትም።

ወደ ጊዜው ልምጣ። 2000 ሜትር ከፍ ላሉ መንገዶች ከጁላይ መጀመሪያ በፊት ብር አታውጡ። ጁን ላይ በሰሜን በኩል ያሉ ጥላማ ቦታዎች ገና በረዶ አላቸው። ጁን ብቻ ነው የሚመቸኝ የሚል ሰው ዝቅ ያለ መንደር ይያዝ። እኔ የምወደው የሴፕቴምበር የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ነው፤ ሰዉ ይቀንሳል፣ የከሰዓት በኋላው ነጎድጓድም ጋብ ይላል። ልጆች ትምህርት ስላላቸው አይሆንልንም እንጂ። ጁላይና ኦገስት ላይ በመጀመሪያው ኬብል ካር ውጡ። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ደመናው እንደ ጎመን ሲያብብ ካያችሁ ጫፍ ላይ አትቆዩ። የመጨረሻው ኬብል ካር የሚወርድበትን ሰዓት ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ብዙዎቹ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የሚዘጉት፣ አመለጠን ብትሉ ደግሞ የሚሰማ የለም።

አንድ ያልተጻፈ ነገር አለ። ኦገስት ማለት ፍልሰታ ነው። ከኦገስት 7 እስከ 21 እማዬ ትጾማለች፣ የተራራው ምግብ ቤት ደግሞ ከአይብ ውጭ ሕይወት ያለ አይመስለውም። ራክሌት አይብ ነው፣ ፎንዱ አይብ ነው፣ ድንች ነው ብላችሁ የምታዝዙት ሮሽቲ ቅቤ ገብቶበት ይመጣል። ስለዚህ እኛ ሆቴል ትተን ኩሽና ያለው የኪራይ ቤት ነው የምንይዘው። ድርቆሽ፣ ሽሮና በርበሬ ከዙሪክ ይዘን እንሄዳለን። ለመንገድ ደግሞ በሶ። እማዬ ማለዳ ተነስታ በሶውን በጨው ጨብጣ፣ በፎጣ ጠቅልላ ቦርሳዬ ውስጥ ትከታለች። ሜንሊሸን ላይ አንድ ጀርመን ሽማግሌ ያንን ጭብጦ ሲያይ ቸኮሌት መሰለውና ጠየቃት። ቆርሳ ሰጠችው። ረጅም ጊዜ አኘከው፣ አመሰገነ፣ ሁለተኛ ግን አልጠየቀም።

ቤት ስትይዙ ከጣቢያው ስንት ደቂቃ እንደሆነ ከመጠየቅ ይልቅ ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል እዩ። የስዊስቶፖ ካርታ በስልክ በነፃ ይገኛል፤ ጣቢያውን ስትጫኑ ከፍታውን ይነግራችኋል፣ ቤቱንም እንዲሁ። ልዩነቱ 100 ሜትር ከሆነ 30 ፎቅ በደረጃ እንደ መውጣት ቁጠሩት። በቀን ሁለቴ፣ ከነአስቤዛው።

ምልክቶቹንም ከመሄዳችሁ በፊት እወቁ፤ መንደር ስትመርጡ ይረዳሉ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ቢጫ ብቻ ከሆነ ለማንም የሚሆን መንገድ ነው። ነጭ ቀይ ነጭ ከሆነ የተራራ መንገድ ነው፤ ጠባብ ሊሆን ይችላል፣ ጥሩ ጫማና የማይዞር ጭንቅላት ይጠይቃል። ነጭ ሰማያዊ ነጭ ከሆነ ተመለሱ፣ ለእኔና ለእናንተ አይደለም። ቢጫ ሰሌዳው ላይ ያለው ሰዓት እረፍት አይቆጥርም። በሰዓት 4.2 ኪሎ ሜትር ሜዳ የሚሄድ ሰው ታስቦ ነው የተሰላው። ከእማዬ ጋር እጥፍ አደርገዋለሁ። ኦስትሪያ ላይ ቀይ መካከለኛ፣ ጥቁር ከባድ ነው። የምትይዙት የተራራ ነፍስ አድን ስልክ፦ ስዊዘርላንድ ውስጥ 1414፣ ሌላው ጋ 112። ጥጃ ያላት ላም መንገድ ላይ ከቆመች ዞር ብላችሁ እለፉ፤ የገጠር ልጅ ነኝ ብላችሁ አትዳፈሩ፣ እነዚህ አያውቋችሁም።

ዝናብ ይመጣል። አንድ ሳምንት ስትይዙ ሁለት ቀን ዝናብ አስቡ። ከመንደሩ ወዴት ማምለጥ ይቻላል? ከቬንገን ወርዶ ኢንተርላከን፣ ከዚያ የቱን ወይም የብሪየንዝ ሐይቅ ላይ መርከብ አለ። እዚህ የምትኖሩ ሃልብታክስ የሚባለው የግማሽ ዋጋ ካርድ ካላችሁ ባቡሩንም አብዛኛውን ኬብል ካርም በግማሽ ዋጋ ትሄዳላችሁ፣ መርከቡንም ጭምር። ለልጆች የጁኒየር ካርድ አውጡ። ብዙ መንደሮች ደግሞ ለሚያድር እንግዳ ካርድ ይሰጣሉ። አንዳንዱ ጋ አውቶቡስ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ጋ ኬብል ካሩንም ይጨምራል። ይሄ ለአምስት ሰው ሲሰላ ርካሹን ቤት ውድ፣ ውዱን ርካሽ ሊያደርገው ይችላል።

እንግዳ ከአገር ቤት የምትጠሩ ከሆነ ሲሰረዝ ገንዘብ የሚመልስ ቤት ያዙ። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይገባል፣ መልሱ ግን መቼ እንደሚመጣ እናንተም እኔም እናውቀዋለን።

ከመክፈላችሁ በፊት ደውሉ። ኢሜይል አይደለም፣ ስልክ። ለዘንድሮ ሙረን አንዲት አከራይ ጋ ደውዬ ነበር። ኬብል ካሩ በምንመጣበት ሳምንት ይሠራል ወይ? ከጣቢያ እስከ ቤቱ ደረጃ አለ ወይ? የእንግዳ ካርዱ ምን ምን ይጨምራል? ሴትዮዋ ሁሉንም መለሰችልኝ። በመጨረሻ ስለ እማዬ ጉልበት ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «የኔም ግራው ነው፣ ሻንጣውን የሚጎትት የኤሌክትሪክ ጋሪ ጣቢያ ድረስ እልካለሁ» አለችኝ። እዚያው ያዝኩት።