ጥናቶቻችሁን በአንድ ስም ሰብስቡ

የአባቴ ስም ገብረመድኅን ነው። አንዱ ጆርናል አንድ ላይ ጻፈው። ሌላው ለሁለት ከፍሎ «መድኅን» የሚለውን ብቻ ያዘ። ሦስተኛው የአያቴን ስም ወሰደ። ለማዕረግ ዕድገት ሳመለክት ኮሚቴው ከ14 ጥናቶቼ ያገኘው 8ቱን ብቻ ነበር። የቀሩት የሌላ ሰው መሰሉት። እነሱ የእኔ መሆናቸውን ለማስረዳት ወራት ደጅ ጠናሁ። በጤና ምርምር ገና የጀመራችሁ ልጆች ይህ እንዳይደርስባችሁ እፈልጋለሁ።

ከሁሉ በፊት ስማችሁን ወስኑ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ጥናቶች የሚመዘገቡባቸው የመረጃ ቋቶች ግን የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርገው ይይዙታል። ስለዚህ የጤና ጥናቶች በሚፈለጉበት ፐብሜድ ላይ የምትታወቁት በአባታችሁ ስምና በራሳችሁ ስም የመጀመሪያ ፊደል ነው። አለሙ ከበደም፣ አስቴር ከበደም፣ አበራ ከበደም እዚያ አንድ ይመስላሉ። «ፀ»ን በላቲን «ቲ ኤስ» ብላችሁ ነው የምትጽፉት ወይስ «ቲ ዜድ»? የአያት ስም ይግባ? ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ ያለበት ስም ይያያዝ ወይስ ይለያይ? ምረጡና ከዚያ በኋላ አትቀይሩት። እኔ አያይዤዋለሁ።

ቀጥሎ ኦርኪድ አውጡ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪዎች የሚሰጥ ባለ16 አሃዝ መለያ ቁጥር ነው። ክፍያ የለውም። ስማችሁ ቢምታታም ቁጥሩ አይምታታም። ስትመዘገቡ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ብቻ አትስጡ፤ ሥራ ስትለቁ ኢሜይሉም ይቀራል። የግላችሁንም ጨምሩ። ከዚህ በፊት የታተማችሁባቸውን የስም አጻጻፎች ሁሉ «ሌሎች ስሞች» በሚለው ቦታ አስገቡ። ዲኦአይ (የአንድ ጽሑፍ ቋሚ መለያ ቁጥር) የሌላቸውን የቆዩ ጥናቶች በእጃችሁ ጻፉ። አሰልቺ ነው፣ ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

የጥናት መፈለጊያው ጉግል ስኮላር ላይ ፕሮፋይል ስትከፍቱ አንድ ነገር አደራ። አዲስ ጽሑፍ በራሱ እንዲጨመር አትፍቀዱ፤ መጀመሪያ በኢሜይል እንዲጠይቃችሁ አድርጉ። አለበለዚያ የሞክሼያችሁ ጥናት ይገባል። የእኔ ውስጥ አንድ የአፈር ጥናት ገብቶ አግኝቻለሁ። የኔ ያልሆነ ጥናት በስሜ ሲቆጠር ዝም ማለት መስረቅ ነው ብዬ ስለማምን ዛሬም በየሦስት ወሩ እፈትሻለሁ። ስኮፐስ የተባለው የጥናትና የጥቅስ መረጃ ቋት ደግሞ ሳትጠይቁት ፕሮፋይል ይከፍትላችኋል፤ አንዳንዴም ሁለት ሦስት። እንዲያዋህዳቸው ማመልከት ይቻላል፣ በነፃ ነው።

አሁን ጥናቶቻችሁ በሌሎች ምን ያህል እንደተጠቀሱ ወደሚያሳየው ቁጥር፣ ወደ ኤች ኢንዴክስ። ኤች ኢንዴክስን እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው የፊዚክስ ተመራማሪው ሆርሄ ሂርሽ ነው። ሰባት ጥናት አላችሁ እንበል። የተጠቀሱት 41፣ 19፣ 12፣ 6፣ 5፣ 3 እና 0 ጊዜ ነው። የጥናቱ ተራ ቁጥር ከተጠቀሰበት ጊዜ እስካልበለጠ ድረስ ከላይ ወደ ታች ቁጠሩ። አምስተኛው 5 ጊዜ ተጠቅሷል። ስድስተኛው ግን 6 አልሞላም። ኤች ኢንዴክሳችሁ 5 ነው። የመጀመሪያው ጥናት 400 ጊዜ ቢጠቀስም ያው 5 ነው። ሲቪ ላይ ስትጽፉት ከየት እንደወሰዳችሁትና ቀኑን አብራችሁ ጻፉ። ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፎችንና ቅድመ ኅትመቶችን (ገና በባለሙያ ሳይገመገሙ የወጡ ጽሑፎችን) ጭምር ስለሚቆጥር አብዛኛውን ጊዜ ከስኮፐስ ይበልጣል።

የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት ላይ የተሳተፋችሁም ትኖራላችሁ። በእያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ስማቸው ይሰፍራል፤ ጥቅሱም ብዙ ሺህ ሊደርስ ይችላል። መሳተፉ ክብር ነው። ነገር ግን እኔ እነዚህን ለብቻ ዘርዝሩ እላለሁ። ራሳችሁ መጠይቁን ይዛችሁ ቤት ለቤት የዞራችሁበት፣ በመጀመሪያ ስም የጻፋችሁት ጥናት በእነሱ መዋጥ የለበትም።

አዋላጅ ነርስ ሆኜ ነው የጀመርኩት። ነፍሰ ጡሮች መውለጃቸው እስኪደርስ ስለሚቆዩበት የእናቶች ማቆያ የጻፍኩት ጥናት እስካሁን የተጠቀሰው 3 ጊዜ ነው። ወረዳው ግን እሱን አንብቦ ማቆያው ውስጥ ማብሰያ ቦታ ሠራ። ይህን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠየቅኩ፣ ሰጡኝ። ሲቪዬ ላይ ከጥቅስ ቁጥሮቹ በፊት ነው ያስቀመጥኩት። እናንተም ጥናታችሁ ሥራ ላይ ሲውል ደብዳቤ ጠይቁ። ማኅተሙ በደንብ እንዲታይ አድርጋችሁ ስካን አድርጉትና አስቀምጡ። የሚጽፍላችሁ ኃላፊ ሳይቀየር በፊት ሂዱ።