«ይሄ ሰም ቆንጆ ነው» ከማለታችን በፊት፦ መኪና ወዳጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መኪናውን የሚወድ ሰው ያስታውቃል። ላቫጆ ሲሄድ ወንበር ፈልጎ አይቀመጥም፤ አጣቢዎቹ አጠገብ ቆሞ የሚጠቀሙበትን ጨርቅ ያያል። ማታ ደግሞ ቴሌግራም ላይ «ለጥቁር ቀለም የትኛው ፖሊሽ ይሻላል?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ሰው አንድ ጠርሙስ ሴራሚክ፣ ማለትም ቀለሙ ላይ ተቀብቶ የሚደርቅ ስስ መከላከያ፣ ቀላል ወጪ አይደለም። አብዛኛው ምርት ከውጭ የሚገባ ነው። ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣም አለ። ሦስት አራት ዓይነት ገዝቶ የማይረባውን መጣል ለብዙዎቻችን የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የሞከረውን ሰው እናምናለን።

እዚህ ጋ ሁለት ዓይነት ስህተት እንሠራለን። አንዱ የተባለውን ሳንመረምር መቀበል ነው። ሌላው እውነቱን የነገረንን ሰው ማዋረድ ነው። ሁለቱ ይያያዛሉ። ሐቀኛ ተጠቃሚ ተሰድቦ ዝም ያለበት ቡድን ውስጥ የሚቀረው የሻጭ ድምፅ ብቻ ነው።

በተቀባ ዕለት የተነሳ ፎቶ ማመን

ማንኛውም ሰም በተቀባ ዕለት ያምራል። ርካሹም ያምራል። ብዙ ፖሊሾች ውስጥ ዘይትና መሙያ ነገር አለ። ጭረቱን አያጠፉትም፤ ይሞሉትና ለጊዜው ከዓይን ይሰውሩታል። መኪናው ጥቂት ጊዜ ሲታጠብ መሙያው ይወጣል። ፀሐይ ላይ የሚታየው ክብ ክብ ጭረትም እንደነበረ ይመለሳል። ሥራቸውን የሚያከብሩ ባለሙያዎች ፖሊሽ ካደረጉ በኋላ በውሃ በተበረዘ ኢሶፕሮፒል አልኮል ጠርገው ቀለሙን እንደገና የሚያዩት ለዚህ ነው። ያን ጊዜም ካልታየ ጭረቱ በእርግጥ ወጥቷል።

ስለዚህ ፎቶ ሲያዩ መጀመሪያ «ከስንት ጊዜ በኋላ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ጥላ ውስጥ የተነሳ ፎቶ ጭረት አያሳይም። ቀጥተኛ ፀሐይ ወይም የእጅ ባትሪ ያስፈልገዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ውጭ ያደረ መኪና ላይ የተጻፈ ሁለት መስመር፣ ዛሬ ጠዋት ተቀብቶ ከተነሳ ሃያ ፎቶ ይበልጣል።

የውሃ ጠብታው ነገርም አለ። ውሃ ኮፈኑ ላይ እንክብል ሠርቶ ሲንከባለል ማየት ደስ ይላል። የሚነግረን ግን ውሃው ገጹ ላይ አለመለጠፉን ብቻ ነው። ቀለሙ ፀሐይን ወይም የወፍ ኩስን ምን ያህል እንደሚችል አይነግረንም። በተቃራኒው ደግሞ ሴራሚኩ ሳይለቅ ከላዩ አቧራና ቅባት ሲጋገርበት እንክብሉ ይጠፋል። ያን ጊዜ «በወሩ ለቀቀ» ብሎ መጻፍ ምርቱን መበደል ነው። መጀመሪያ በደንብ ታጥቦ መታየት አለበት።

ጠርሙሱ ላይ ባለ ቁጥር መማረክ

በጣም ሰው የሚያሳስተው «9ኤች ጥንካሬ» የሚለው ጽሑፍ ነው። ብዙ ሰው ከአልማዝ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ነገር የገዛ ይመስለዋል። የማዕድን ጥንካሬ የሚለካበት የሞስ መለኪያ ለአልማዝ 10፣ ሩቢና ሳፋየር ለሚገኙበት ኮረንደም ደግሞ 9 ይሰጣልና። የጠርሙሱ 9 ግን ከዚያ ጋር አይገናኝም። የእርሳስ መለኪያ ነው። እርሳሶች ከለስላሳው እስከ ጠንካራው በተወሰነ ጫና ገጹ ላይ ይገፋሉ። ገጹ የትኛውን እርሳስ ድረስ ሳይጫር ቻለ የሚለው ነው ውጤቱ። 9ኤች በዚህ ሰልፍ መጨረሻ ያለው ጠንካራ እርሳስ ነው፤ ያም ሆኖ እርሳስ ነው። የመንገድ አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ በሞስ መለኪያ 7 ነው። በአሸዋማ ጨርቅ የተፈተገ መኪና ሴራሚክ ተቀባም አልተቀባም ይጫራል።

ውፍረቱንም ማሰብ ጥሩ ነው። ሴራሚኩ ሲደርቅ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ገደማ ነው። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቀለም ላይ ያለው ክሊር ኮት፣ ማለትም የላይኛው ግልጽ ሽፋን፣ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ይሆናል። «ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ጠጠር መታኝ፣ ሴራሚኩ አላዳነኝም» የሚለው ሰው አልዋሸም። ግን ሴራሚክ ጠጠር ሊያቆም አልተሠራም። ያ ቀለሙ ላይ የሚለጠፈው የወፍራሙ መከላከያ ፊልም ሥራ ነው። ምርቱን ባልተሠራበት ነገር የሚከስ አስተያየት በብዛት አለ፤ ለይቶ ማለፍ ይጠይቃል።

«100% ካርናውባ» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ካርናውባ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኝ ሰም ነው። ለብቻው ሲሆን ደረቅና ጠንካራ ነው፤ የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው። ዘይትና ማሟሟያ ሳይገባበት መኪና ላይ በእጅ ሊቀባ አይችልም። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ሁሉ ካርናውባ ሊሆን አይችልም ማለት ነው።

የት አገር፣ በምን መኪና ላይ እንደተሞከረ አለመጠየቅ

አንድ እንግሊዛዊ «ስድስት ወር ቆየልኝ» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል። የእሱ መኪና ግን ጭጋግና ዝናብ ውስጥ ያደረ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ወደ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የግንባታውን አቧራና የክረምቱን ጭቃ ሲጨምሩበት ስድስት ወሩ ላይሞላ ይችላል።

አስተጣጠቡም ለየቅል ነው። እሱ ለመኪና በተሠራ ሻምፑና በሁለት ባልዲ፣ አንዱ ለሻምፑ አንዱ ጨርቁን ለማለቅለቅ፣ ያጥባል። እኛ ጋ በልብስ ሳሙና ዱቄት የሚያጥብ ላቫጆ አሁንም አለ። የልብስ ሳሙና ቅባት እንዲያስለቅቅ የተሠራ ነው፤ ሰሙንም አብሮ ያነሳዋል። ሰሙ መጥፎ ሆኖ አይደለም።

ቀለሙም ይለያያል። መርሰዲስ ከ2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ጭረትን እንዲቋቋም ጥቃቅን የሴራሚክ ቅንጣት ያለበት ክሊር ኮት መጠቀም ጀምሯል። ብዙ የጃፓን መኪኖች ደግሞ ለስለስ ያለ ቀለም አላቸው። አንዱን በስንት ድካም የሚያስተካክል ፖሊሽ ሌላውን ያለቅጥ ሊፍቀው ይችላል። እኛ ጋ ከዚህም የከፋው ባትላሜራ ቤት ገብቶ እንደገና የተቀባው መኪና ነው። በሩ የፋብሪካ ቀለም ሆኖ ኮፈኑ የሰፈር ጋራዥ ቀለም ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይናገሩ «ይሄ ፖሊሽ ቀለሜን በላው» ማለት ለአንባቢ ምንም አይጠቅምም።

ተከፍሎት ነው ወይ ብሎ አለመጠየቅ፣ ወይም ሁሉንም ተከፍሎታል ማለት

የሐሰት አስተያየት መኖሩ ሐሜት አይደለም። አማዞን በነጻ ወይም በቅናሽ በተሰጠ ዕቃ ምትክ አስተያየት መጻፍን በጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ. ከልክሏል፤ ራሱ የሚያስተዳድረው ቫይን የተባለው ፕሮግራም ብቻ ቀረ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሐሰት አስተያየት መግዛትንና መሸጥን የሚከለክል ደንብ አውጥቶ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። እኛም አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክል አዋጅ አለን፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004። ግን ቡድን ውስጥ «ወንድሜ ይሄን ሞክር» የሚለውን ሁሉ አዋጅ እየተከታተለ ሊያጣራልን አይችልም። መጠየቅ የራሳችን ድርሻ ነው።

አጠያየቁ ግን ለውጥ ያመጣል። «በገንዘብህ ገዝተኸው ነው ወይስ ተሰጥቶህ ነው?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ማንም ሊቀየምበት አይገባም። በነጻ የተሰጠው ሰው በነጻ እንዳገኘው ከተናገረ ምስክርነቱ ዋጋ አለው። «ስንት ከፈሉህ?» ደግሞ ጥያቄ አይደለም፤ ፍርድ ነው። መልስ ቢሰጥም አይታመንም። ሰሙን በእውነት ወዶ የጻፈ ልጅ እንዲህ ከተባለ ሁለተኛ አይጽፍም።

ኮከቡን ብቻ መቁጠር

አምስት ኮከብ ከሰጡት ውስጥ ዕቃው በደረሳቸው ሳምንት የጻፉ ብዙ ናቸው። አንድ ኮከብ የሰጡት ውስጥ ደግሞ ጠርሙሱ ተሰብሮ የደረሰው ሁሉ አለ። መሐል ያሉትን፣ ሁለትና ሦስት ኮከቦችን ያንብቡ። ቀኑን ይዩ፤ ስሙ ሳይቀየር ውስጡ የተቀየረ ምርት አለ። መርካቶ ወይም ሌላ ቦታ የገዙት ጠርሙስ አስመስሎ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ያነበቡት ሁሉ ስለ ሌላ ዕቃ ነው። ማሸጊያውንና የምርት ቁጥሩን ሳያዩ ገንዘብ አይስጡ።

«በአንዴ ያጸዳል» ሲባል ምን እንዳለበት አለማየት

ይህ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። የቸርኬ ማጽጃ ሲመሰገን የሚባለው አንድ ነው፤ ረጭተህ ሳትፈትግ ቆሻሻው ይወርዳል። እንዲህ ከሚሠሩት አንዳንዶቹ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ወይም አሞኒየም ባይፍሎራይድ አለባቸው። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ቆዳን አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። በሰውነት ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ይጣበቃል። ቀጠን ያለው ዓይነት ሲነካ ሕመሙ ወዲያው ላይሰማ ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ ይመጣል። ነክቶት ከሆነ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጥቦ ሐኪም ቤት መሄድ ግድ ነው፤ ለዚህ የሚሰጠው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው።

ምርቱን የሚያወድሰው ሰው ጓንት አድርጎ አንድ ጊዜ ረጭቷል። ላቫጆ ያለው ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ በባዶ እጁ ይረጨዋል። ምርት ስንመክር ለዚህ ልጅም ነው የምንመክረው። ጠርሙሱ ላይ ያለውን የንጥረ ነገር ዝርዝርና የአደጋ ምልክት ሳናይ «ይመቻችሁ» ማለት ነውር ነው። ዝርዝር የሌለው፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ ማጽጃ ደግሞ የቱንም ያህል ቢወደስ አይገዛም።

ምርቱን ትቶ ሰውየውን መምታት

አንድ ጀማሪ የመኪናውን ፎቶ ለጥፎ «በእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ አጠብኳት፣ ለምን ደበዘዘች?» ሲል የሚወርድበትን እናውቃለን። «መኪና አይገባህም ሽጣት» ይባላል። ልጁ የመጣው ሊማር ነበር። «ፈሳሹ ሰሙን አንስቶታል፤ በመኪና ሻምፑ እጠባትና ሰም ድገማት» የሚለው መልስ አንድ መስመር ነው። ለመጻፍ ከስድቡ ብዙም የበለጠ ጊዜ አይወስድም።

ከጀማሪው ይልቅ የሚያሳዝነኝ ብዙ የሚያውቀው ሰው ነው። ዓመታት በእጁ የሠራ ባለሙያ «ይህ ሴራሚክ በኔ ልምድ ከሦስት ወር አያልፍም» ብሎ ሲጽፍ የምርቱ ወዳጆች እንደ ደርቢ ደጋፊ ይነሱበታል። እሱም «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ይወጣል። በማግስቱ ያ ሴራሚክ ያለ ተቃውሞ ይወደሳል። አዲስ ገዢ ይመጣል፤ ይከፍላል። ያወጣው ገንዘብ የስድቡ ዋጋ ነው።

ቅር ያለው ገዢም ልክ አለው። ምርቱ አልሠራም ማለትና ሻጩን «ሌባ» ማለት የተለያዩ ናቸው። ሌባ ማለት ክስ ነው፤ የሰውየው እንጀራ ያለበት ስም ነው። መጀመሪያ በውስጥ መስመር ይጠይቁት። ካልመለሰ የሆነውን እንደሆነ ይጻፉ፤ መቼ ገዙ፣ በምን መኪና ላይ ቀቡ፣ ምን ሆነ፣ ሲጠይቁት ምን አለ። አንባቢ ራሱ ይፈርዳል። ያልተሳካ ሥራ ፎቶ ሲለጥፉ ደግሞ ታርጋውን ይሸፍኑ። ባለመኪናው ጎረቤቱ እንዲያይበት አልፈቀደም።

ሻጭ የሆናችሁም ስሙት። «አንተ አቀባቡ አልገባህም» በሚል የሚጀምር መልስ ደንበኛውን ብቻ ሳይሆን የሚያነበውንም ያስፈራል። «ቀለሙን በምን አጽድተህ ነበር የቀባኸው?» ብላችሁ ጀምሩ። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያ ነው፤ ቅባቱ በደንብ ካልወጣ ሴራሚክ አይያዝም።

አንዴ ጽፎ መጥፋት

በመጀመሪያ ሳምንት «አንደኛ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው በስድስተኛው ወር ተመልሶ የሚጽፈው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ የሚነበበው ሁሉ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። የጻፉትን ፈልገው ከሥሩ ይጨምሩበት። ረጅም መሆን የለበትም፦ «ቪትዝ፣ ነጭ፣ የፋብሪካ ቀለም። ሚያዝያ ላይ ቀባሁ፣ በየሳምንቱ በመኪና ሻምፑ ታጠበች። ነሐሴ ላይ ጣሪያው ላይ ለቋል፣ በሮቹ ላይ አለ። በገንዘቤ ነው የገዛሁት።»